ተኳሽ ጥንዚዛ፤ የሰውነቱ አቋምና የወንዝ ዳር አኗኗሩ

በወንዝና በቦይ ዳር በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ

መግቢያ

በወንዝ ወይም በመስኖ ቦይ ዳር ድንጋይ ሲገለበጥ፣ ወይም የሰነበተ የሣር ክምር ሲነሣ፣ ከሥሩ ተጠጋግተው የተቀመጡ ጥቁርና ቢጫ ጥንዚዛዎች አንዳንድ ጊዜ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱን በጣቱ ያነሣ ሰው «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እንደ እንፋሎት ያለ ነገር ብን ሲል ያያል፤ ወዲያው ጣቱን ያቃጥለዋል፤ የነካውም ቆዳ ቡናማ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ጥንዚዛውን መርዘኛና የሰብል ጠላት አድርጎ ይገምተዋል። ባየው ቁጥር ይረግጠዋል፤ አለፍ ሲልም የወንዙን ዳር በሙሉ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጨዋል።

ይህ ግምት ገበሬውን ይጎዳዋል። ጥንዚዛው ችግኝ አይቆርጥም፤ ሥር አይበላም። እንዲያውም አኗኗራቸው በሚገባ የተጠና የቅርብ ዘመዶቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በችግኝ መደብ ላይ ብዙ ጥፋት በሚያደርስ አንድ ተባይ እንቁላል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጥንዚዛው በምን እንደሚታወቅ፣ የሚተኩሰው ነገር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚኖር እናስረዳለን፤ ቀጥሎም በእርሻ ሥራ ላይ ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ እናመለክታለን።

ወገኑና መታወቂያው

ተኳሽ ጥንዚዛ ያልነው የመሬት ጥንዚዛ ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ነው። የዚህ ቤተሰብ የሳይንስ ስም ካራቢዴ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ሌሊት እየሮጡ ሌሎች ነፍሳትን የሚያድኑ ናቸው። ከነዚህ መካከል ፈሳሽ እያፈነዱ የሚተኩሱት ከ500 ይበልጣሉ። በአገራችንና በሌላውም የአፍሪካ ክፍል የሚገኘው ዋነኛ ተኳሽ ወገን ፌሮፕሶፈስ ይባላል። ከአፍሪካዎቹ ይበልጥ የተመረመረው ከጎረቤታችን ከኬንያ ተወስዶ የተጠናው ፌሮፕሶፈስ ኢንሲግኒስ ነው፤ በአንዳንድ መጻሕፍት ስቴናፕቲነስ ኢንሲግኒስ ተብሎም ይገኛል። ርዝመቱ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

በሜዳ ላይ ለመለየት አስቀድሞ አካሄዱን ማየት ይበጃል። የመሬት ጥንዚዛ ቀጫጭንና ረጃጅም እግሮች ስላሉት ሲነካ ይሮጣል። ሥር በሚበላው ነጭ ትል ወላጅ በሆነው ጥንዚዛ ዘንድ ግን እግሮቹ አጫጭርና ለመቆፈር የተሠሩ ናቸው፤ አካሄዱም ዝግ ያለ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ወዳጁን ገድሎ ጠላቱን ይተዋል፤ ስለዚህ የልማት ሠራተኛ ይህን ልዩነት ለገበሬው በእጁ ይዞ ቢያሳይ ከብዙ ንግግር ይሻላል እንላለን።

የሰውነቱ አቋም

ሰውነቱ እንደ ማንኛውም ነፍሳት በራስ፣ በደረትና በሆድ ይከፈላል። ራሱና የደረቱ ፊተኛ ክፍል ጠበብ ያሉ ሲሆኑ፣ የክንፍ ሽፋኑ ግን ሰፊ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከላይ ሲታይ አንገቱ የቀጠነ ቅል ይመስላል። ራሱና እግሮቹ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ናቸው። የክንፉ ሽፋን ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ወይም መቀነት መሰል ምልክት አለው፤ በቁመቱም እንደ ትልም የተሰመሩ ሸንተረሮች ይታዩበታል።

መንጋጋዎቹ ወደ ፊት የወጡና የሾሉ ናቸው። ከራሱ ግራና ቀኝ እያንዳንዳቸው 11 አንጓ ያላቸው ክር የመሰሉ መዳሰሻዎች አሉት፤ ሌሊት መንገዱንና ምግቡን የሚያገኘው በእነዚህ ነው። በፊት እግሮቹ ላይ ጠለቅ ያለች ቁራጭ መሰል ቦታ አለች። ጥንዚዛው መዳሰሻውን በዚህች ቦታ አሳልፎ እየሳበ ጭቃውን ያጸዳል። የዚህ ቤተሰብ ጥንዚዛዎች ይህችን መሣሪያ ለምን እንደያዙ ለመረዳት በደለል ላይ ሲሮጡ ማየት ይበቃል።

ለመታወቂያ ከሁሉ የሚቀለው የክንፉ ሽፋን ጫፍ ነው። በሌሎች ብዙ ጥንዚዛዎች ሽፋኑ ሆዱን ጨርሶ ሲከድን፣ በተኳሹ ግን ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ያጥራል፤ ከዚያ የሆዱ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የሆዱ ጫፍ መተኮሻው ስለሆነ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን እንደ ልብ መዞር አለበት።

የሚተኩሰው ነገር

በሆዱ መጨረሻ ውስጥ ሁለት ዕጢዎች አሉ። እያንዳንዱ ዕጢ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ጎተራ ነው፤ ግድግዳው በጡንቻ የተሸፈነ ስስ ከረጢት ሲሆን፣ ውስጡ ሃይድሮኪኖንና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባሉ ነገሮች በአንድነት ይቀመጣሉ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጤና ጣቢያ ለቁስል ማጠቢያ የሚሠራበትና ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው መድኃኒት ነው። ሁለተኛው ክፍል ምድጃ ነው ማለት ይቻላል። ግድግዳው ወፍራምና ጠንካራ ሲሆን ኢንዛይም የተባሉ አፋጣኝ ነገሮች ይመነጩበታል። በጎተራውና በምድጃው መካከል መዝጊያ አለ።

ጥንዚዛው ሲነካ የጎተራውን ጡንቻ ያጠብቃል፤ ጥቂት ፈሳሽም በመዝጊያው በኩል ወደ ምድጃው ይገባል። ኢንዛይሞቹ እዚያው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለውጡታል፤ ሃይድሮኪኖኑም ኪኖን ወደሚባል የሚለበልብ ነገር ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሙቀት ይፈጠራል፤ የሚወጣው ፈሳሽ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም እስከ ውሃ መፍያ ድረስ ይሞቃል። ኦክስጅኑም ገፍቶ በፍንዳታ ያስወጣዋል። በዕጢው ውስጥ ያሉትን ነገሮች እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ለይቶ ያሳወቀው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሄርማን ሺልድክኔክት ነበር። ሙቀቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ ተለካ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ራሱን እንዴት አያቃጥልም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ በከፊል በምድጃው ወፍራም ግድግዳ፣ በከፊል ደግሞ በአተኳኮሱ ዘዴ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ለእኛ አንድ «ጧ» ሆኖ የሚሰማው ተኩስ በሰከንድ 500 ያህል ከሚደርሱ ጥቃቅን ፍንዳታዎች የተያያዘ ነው። በወንዝ ዳር የተተከለ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲሠራ እንደምንሰማው «ቷ ቷ ቷ» የሚል ነው፤ ነገር ግን እጅግ ስለሚፈጥን ጆሯችን ሊለየው አይችልም። እያንዳንዱ ፍንዳታ የሚፈጥረው ግፊት መዝጊያውን ይደፍነዋል፤ ግፊቱ ሲወጣ መዝጊያው ይከፈትና አዲስ ፈሳሽ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ሌላ ተኳሽ ጥንዚዛ በኤክስሬይ እየታየ ሲተኩስ መዝጊያው በዚሁ መንገድ በግፊቱ ኃይል እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ታይቷል።

ዒላማውም የተጠበቀ ነው። ቶማስ አይስነርና ዳንኤል አነሻንስሊ እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የኬንያውን ጥንዚዛ ፎቶግራፍ አንሥተው እንዳሳዩት፣ አንድ እግሩ በወረንጦ ሲያዝ ሆዱን አዙሮ በዚያው እግር አቅጣጫ ብቻ ይተኩሳል። ከጀርባው በላይ ወደ ፊት መተኮስ ሲፈልግ ደግሞ ከሆዱ ጫፍ በሚወጡ ሁለት ትናንሽ ጋሻ መሰል ነገሮች ላይ ፈሳሹን አንጥሮ ይልካል። ስለዚህ ከኋላ ብይዘው አያገኘኝም፣ ከፊት ብይዘው አያገኘኝም ማለት አያዋጣም። ጎተራው ሳይባዶ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ መተኮስም ይችላል።

ይህ መሣሪያ ከአዳኝ ለመዳን ምን ያህል እንደሚጠቅም በጃፓን በእንቁራሪት ወገኖች ላይ የተደረገ ሙከራ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ጥናት፣ ፌሮፕሶፈስ ጄሶኤንሲስ የተባለውን ተኳሽ ከዋጡት ጓጉንቸሮች መካከል 43 ከመቶው መልሰው ተፍተውታል። የተተፉትም ከ12 እስከ 107 ደቂቃ በጓጉንቸሩ ሆድ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ሲሆን፣ ጥንዚዛዎቹ በሕይወት ወጥተዋል።

አኗኗሩና ልማዱ

ጎልማሳው ጥንዚዛ ቀን ቀን ይደበቃል። መደበቂያው እርጥበት የማይለየው ቦታ ነው፤ የወንዝ ዳር ድንጋይ ሥር፣ ጎርፍ ያመጣው የእንጨትና የቅጠል ክምር፣ የተሰነጠቀ ደለል፣ የቦይ ዳር ሣር ሥር። ብዙዎች በአንድ መደበቂያ መሰብሰባቸው የተለመደ ነው። ሲመሽ ወጥቶ የሞቱና የደከሙ ነፍሳትን፣ ለስላሳ ትሎችን፣ አንዳንዴም የወደቀና የበሰበሰ ፍሬ ይበላል። ስለዚህ በመሬት ላይ ወድቆ በበሰበሰ ቲማቲም ላይ ቢገኝ ፍሬውን ያበላሸው እርሱ ነው ማለት አይደለም።

ለገበሬው የበለጠ ቁም ነገር ያለው ግን በልጅነቱ ነው። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ አንድ ተባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በእርጥብ መሬት ውስጥ ዋሻ እየቆፈረ የሚኖር፣ ከ2.5 እስከ 3.5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ቡናማና ጠጉራማ፣ የፊት እግሮቹ እንደ አካፋ የሰፉ የፌንጣ ዘመድ አለ። እዚህ ላይ ቆፋሪ ፌንጣ እንለዋለን። ሌሊት ከአፈር ሥር እየሄደ የጎመን፣ የቲማቲም፣ የሽንኩርትና የበርበሬ ችግኝ ሥር ይቆርጣል፤ የድንች ፍሬ ይቦረቡራል። የሄደበት መንገድ በማለዳ፣ ይልቁንም ውሃ በተጠጣ መደብ ላይ፣ የጣት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ የተሰነጠቀ አፈር ሆኖ ይታያል። እንስቷ ከ10 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ትንሽ ክፍል ሠርታ በአሥሮች የሚቆጠሩ እንቁላሎች በአንድነት ትጥላለች።

በደቡብ አሜሪካ የሚኖረው ፌሮፕሶፈስ ኤኩዊኖክሺያሊስና ከላይ የጠቀስነው የጃፓኑ ዝርያ ልጆቻቸው የሚያድጉት በዚህ ዓይነት ቆፋሪ ፌንጣ እንቁላል ነው። የደቡብ አሜሪካው እንስት እንቁላሏን የምትጥለው የቆፋሪ ፌንጣ ዋሻ ባለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ነው። የተፈለፈለው እጭ ስድስት እግሮች ያሉት፣ ቀጭንና ፈጣን ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በአፈሩ ውስጥ እየተዘዋወረ የእንቁላል ክፍሉን መፈለግ። ካገኘ እዚያው ገብቶ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እየቀደደ ይመገባል። ቆዳውን ሲቀይር መልኩ ይለወጣል። መሮጥ ስለማያስፈልገው እግሮቹ አጥረው፣ ሰውነቱ ወፍሮና ነጥቶ፣ ከምግቡ መካከል ተቀምጦ ያድጋል። በመጨረሻም በዚያው በአፈር ውስጥ የማይበላና የማይንቀሳቀስ ፑፓ ይሆንና ጎልማሳ ሆኖ ይወጣል። የእንቁላል ክፍል ያላገኘ እጭ ግን ይሞታል፤ ሌላ ምግብ አይተካለትም።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ጥንዚዛው ተባዩን ከሥሩ የሚያጠፋ አይደለም፤ ተባዩ ጨርሶ ከጠፋ እርሱም አይኖርም። በአንድ ወቅት የወጣ ብዙ ተባይ ቢኖር «ጥንዚዛው ይጨርሰዋል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሞኝነት ነው። ሁለተኛ፣ የሚበላው እንቁላል በመሆኑ ጥቅሙ በዚያው ሳምንት አይታይም፤ የሚታየው በሚቀጥለው የመስኖ ወቅት ከመደቡ ላይ በሚቀንሰው ጥፋት ነው። በቸኮለ ዓይን ስንመለከተው ጥቅም የሌለው የሚመስለን ለዚህ ነው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ተመራማሪዎች የደቡብ አሜሪካውን ዝርያ ለረጅም ጊዜ ያጠኑት፣ ከውጭ ገብቶ ሣርና አትክልት ያጠፋባቸውን ቆፋሪ ፌንጣ ለመቆጣጠር ይረዳ እንደሆነ ለማየት ነበር።

የወንዝ ዳርና የእርሻ ሥራ

የጥንዚዛው ኑሮ በሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። ቀን መደበቂያው ያልታረሰው የወንዝ ዳር ሲሆን፣ የእጩ ማደጊያ ደግሞ ቆፋሪ ፌንጣ ያለበት እርጥብ አፈር ነው። መሬቱ እስከ ውሃው አፋፍ ድረስ ሲታረስ፣ ድንጋዩ ሲለቀምና ሣሩ በበጋ ሲቃጠል መደበቂያው ይጠፋል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጥንዚዛዎቹ ከፍ ወዳለው ቦታ መሸሽ አለባቸው፤ ከዳሩ በላይ ሣር የለበሰ መሬት ከሌለ ጎርፉ ይወስዳቸዋል። በአዋሽ፣ በመቂና በቡልቡላ ዳርቻዎች እንዳሉት ያሉ በሞተር ውሃ እየተሳበ አትክልት የሚለማባቸው መሬቶች ለዚህ ጉዳይ የተለየ ትኩረት ይሻሉ እንላለን፤ ምክንያቱም መደቡና የወንዙ ዳር አጎራባች ናቸው።

ስለዚህ ከውሃው አፋፍ ጀምሮ ቢያንስ 5 እርምጃ ያህል ስፋት ያለው መሬት ሳይታረስና ሳይቃጠል በሣርና በቁጥቋጦ እንዲቆይ እንመክራለን። ይህ መሬት ለጥንዚዛ ሲባል ብቻ የሚተው አይደለም። አፋፉ በጎርፍ እንዳይናድ ይይዛል፤ ሣሩም ታጭዶ ለከብት ይሆናል። ሲታጨድ ግን ሥሩ ይቅር፤ መሬቱም ጨርሶ አይራቆት።

የመርጫ መሣሪያ በወንዝ ወይም በቦይ ውስጥ ማጠብ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም። ይህ ለጥንዚዛው ብቻ ሳይሆን ውሃውን ለሚጠጣው ሰውና ከብት ጭምር ነው። ብዙዎቹ በአትክልት ላይ የሚረጩ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ተባይን ከጠቃሚው ጥንዚዛ አይለዩም። በፉርሽካ ላይ ተቀላቅሎ በመደብ ላይ የሚበተን መርዝም እንዲሁ ነው፤ የሞተና የወደቀ ነገር የሚለቅመው ተኳሽ ጥንዚዛ ፉርሽካውንም ይበላዋል። ማጥመጃው የግድ ካስፈለገ በመደቡ ላይ በሙሉ ከመበተን ይልቅ ምሽት ላይ በተባዩ ዋሻ አፍ ብቻ እየተደረገ በአፈር ይሸፈን። ዶሮዎችም ከዚያ ይራቁ።

ከሁሉ በፊት ግን ተባዩ በእርግጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ቀላል መንገድ አለ። 3 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ7 ተኩል ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ በእያንዳንዱ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን መሬት ላይ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ማፍሰስ ነው። ቆፋሪ ፌንጣ ካለ በ3 ደቂቃ ያህል ውስጥ እየተንገላታ ይወጣል፤ እርሱንም ለቅሞ መግደል ይቻላል። ምንም ካልወጣና ችግኞቹ ከአፈሩ ጋር ትክክል ተቆርጠው ከተገኙ፣ በአጠገባቸው አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ ተጠቅልሎ የተኛ ቆራጭ ትል መፈለግ ነው። የሁለቱ ጥፋት ይመሳሰላል፤ መከላከያቸው ግን አንድ አይደለም።

ጥንዚዛውን ለማየት የፈለገ ሰው አፉ ሰፊ የሆነ ጣሳ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ቀብሮ ማሳደር ይችላል። ሌሊት የሚሮጡት ይገቡበታል። ማለዳ በዱላ እንጂ በእጅ አይነኩም፤ ከተቆጠሩ በኋላም በዳሩ ሣር ውስጥ ይለቀቁ። በቦይ ዳር አንድ ጣሳ፣ በመደቡ መካከል ሌላ ጣሳ ቢቀበር ጥንዚዛዎቹ ከዳሩ ወደ መደቡ ምን ያህል እንደሚዘልቁ ለመገመት ይረዳል።

ቢተኩስ ምን ይደረጋል?

በጣት ወይም በክንድ ላይ የተተኮሰ እንደሆነ ቦታው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠባል። ማቃጠሉ ብዙ አይቆይም። ቡናማው ቀለም ግን በማጠብ አይለቅም፤ ቆዳው ሲታደስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ከዓይን ከገባ ነገሩ ይለያል። ዓይኑ ሳይታሽ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ንጹሕ ውሃ እየፈሰሰበት ይታጠብና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ለሕፃናት ይህ በተለይ ሊነገራቸው ይገባል፤ ጥንዚዛውን ወደ ፊታቸው አቅርበው ማየት ይወዳሉና።

ተኳሽ ጥንዚዛ ከሌላ ቆዳ ከሚጎዳ ጥንዚዛ ጋር እንዳይደባለቅ ያስፈልጋል። ፔደረስ የሚባለው ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ጉንዳን የሚመስል ቀጭን፣ በብርቱካንማና በጥቁር የተከፋፈለ ጥንዚዛ ነው። እርሱም እርጥብ መሬት ይወዳል፤ ሌሊት ደግሞ ወደ መብራት ይመጣል። ፔደረስ አይተኩስም፣ ድምፅም የለውም። መርዙ በደሙ ውስጥ ስለሆነ የሚጎዳው ቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ነው፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል የሚወጣውም በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከ1 እስከ 2 ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ቆዳ ላይ ያረፈ ፔደረስ እፍ ተብሎ ይባረራል እንጂ በመዳፍ አይመታም። የልማት ሠራተኛ «ጥንዚዛ አቃጠለኝ» የሚል ሰው ሲመጣበት፣ ወዲያው ነው ወይስ አድሮ፣ ድምፅ ነበረው ወይስ አልነበረውም ብሎ ቢጠይቅ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቸግረውም።

ናሙና ስለ መላክ

የተጠራጠሩትን ጥንዚዛ ወደ ምርምር ጣቢያ ለመላክ፣ በወረንጦ ወይም በሁለት እንጨት ይዞ 70 ከመቶ አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ መጨመር ነው። አልኮል ካልተገኘ ጠንካራ ካቲካላ ለጥቂት ቀናት ያቆየዋል። በእርሳስ በተጻፈ ወረቀት ላይ የተገኘበት ወንዝና ቀበሌ፣ ቀኑ፣ በአጠገቡ የነበረው ሰብልና በምን ሥር እንደተገኘ ተመዝግቦ ወረቀቱ ከውስጥ ይቀመጥ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ በአልኮል ስለሚሟሟ አይሆንም።